ለቅሶ ያለው ይቅደም

የአያ እንድሪስን ማረፍ የሰማሁት ደሴ ውስጥ፣ የመኪና ቻርጅ ማድረጊያ ወረፋ ላይ ቆሜ ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ከፊቴ አምስት መኪና አለ፤ የኔዋ ባትሪ ሦስት ፐርሰንት ላይ ደርሶ ቀይ መብራት ያበራል። ስልኬ ሲጠራ ተሳፋሪ መስሎኝ እየተሰላቸሁ አነሳሁት። የአያ እንድሪስ ልጅ ዘሀራ ነበረች።

«መምህር፣ አባቴ ሌሊቱን አረፈ» አለችኝ። አልቅሳ አልቅሳ የደከማት ሰው ድምፅ ነው። «ቀብሩ ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው። እንዳትቀር።»

«አልቀርም» አልኳት።

ስልኩን ዘግቼ ሦስቷን ፐርሰንት አየኋት። ከደሴ እነሱ ያሉበት ሐይቅ ከተማ በደህናው ቀን አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው፤ በሦስት ፐርሰንት ግን ከከተማው መውጣቴም ያጠራጥራል። መኪናዬን ትቼ ሚኒባስ ልሳፈር ብዬ አንድ መናኸሪያ የሚሠራ ወዳጄ ጋ ደወልኩ። «የምን ሚኒባስ?» አለኝ። «ሁሉም ከትናንት ጀምሮ ነዳጅ ሰልፍ ላይ ናቸው።» ዘመናችን እንዲህ ነው። የነዳጅ መኪና ያለው ነዳጅ የለውም፤ የኤሌክትሪክ መኪና ያለው መብራት የለውም፤ መኪና ግን ሁላችንም አለን።

ስለዚህ ከመጠበቅ ሌላ ምርጫ አልነበረኝም። መድረስ ግን ነበረብኝ። በእኛ አገር ጀናዛ ከመነሳቱ በፊት ከዘመድ አንዱ ይቆምና «ሟቹ ላይ ሐቅ ያለው ይናገር፤ ያስቀየመው ካለ አፉ ይበለው» ይላል። ሰዉም «አፉ ብለናል» ብሎ ይመልሳል። እኔ አያ እንድሪስ ላይ ምንም ሐቅ የለኝም። የበደልኩት እኔ ነኝ። «አፉ በሉኝ» የምትል አንዲት ቃል ሁለት ዓመት ሙሉ አንገቴ ላይ ይዣት ዞርኩ፤ ነገ እላቸዋለሁ፣ ከነገ ወዲያ እላቸዋለሁ እያልኩ። አሁን የቀረኝ እስከ ዙሁር፣ እስከ ቀትር ያለው ጊዜ ብቻ ነው። አፈር ሳይጫናቸው፣ ሬሳቸው አጠገብ ቆሜም ቢሆን ልላት ፈለግሁ።

አያ እንድሪስን መጀመሪያ ያወቅኋቸው መኪና ሳይኖረኝ ነው። ለውጡ የመጣ ሰሞን የሐይቅ ዋና መንገድ ዳር መኪና የሚያቆም ሁሉ ይክፈል ተባለና ሥራው ለተደራጁ ወጣቶች ተሰጠ። ለመደራጀት አንድ ሰው ጎደላቸው። ሲፈልጉ ሲፈልጉ ያገኙት ስድሳ ዓመት ያለፋቸውን አያ እንድሪስን ነበር። ደረታቸው ላይ «የወጣቶች ማኅበር አባል» የሚል ባጅ፣ ከሽርጣቸው በላይ አረንጓዴ ሰደርያ፣ አንገታቸው ላይ ፊሽካ። ቀጭንና ረጅም ስለነበሩ ሰደርያው እምብርታቸው ላይ አይደርስም።

«ለውጥ ማለት ይኸው ነው» ይሉ ነበር ባጁን እያሳዩ። «እኔን ወጣት አደረጉኝ። ሌላውን እንጃ።»

ፊሽካዋን ሲነፏት ሰምቼ አላውቅም። ሹፌር ሳይከፍል ሲያመልጥ እንኳ ቆመው በዓይናቸው ይሸኙታል። ለምን አይነፉም ስላቸው «ፊሽካ ለኳስ ነው» አሉኝ። «ሰውየው ነገም በዚህ ነው የሚያልፈው። ሲያፍር ይከፍላል።» እውነትም ብዙዎቹ በማግስቱ መስኮት ዝቅ አድርገው፣ ወደ ሌላ እያዩ፣ ከፍለው ያልፉ ነበር። ያልከፈሉትም አሉ፤ አገሩን አላውቀው እንዳይመስላችሁ።

ጦርነቱ ወደ እኛ ሲደርስ ከተማው በአንድ ቀን ተገለበጠ። ሰዉ ፍራሹን በጀርባው እያዘለ ወደ ደሴ አቅጣጫ ሲጎርፍ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ መኪናው አልነሳ አለው። ገፉለት፣ አልተነሳም። ትቷት ሊሮጥ ሲል አያ እንድሪስ ጠሩት። ያ ሁሉ ሕዝብ እየተራኮተ፣ እሳቸው ሰዓት አይተው ትኬት ቆረጡለትና «በል ሂድ፣ አብሽር፣ እጠብቃታለሁ» አሉት። ነጋዴው ትኬቷን ይወስዳት ይጣላት ራሱም አያውቅም።

እኔም ሸሸሁ። ስመለስ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ። አያ እንድሪስ ከከተማው አልወጡም ነበር። መኪናዋን ከሁለት ጎረቤቶቻቸው ጋር ገፍተው ጓሯቸው አስገቡ፤ አራቱንም ጎማ አውልቀው የተለያየ ቤት ደበቁ፤ በላይዋ ላይ ኩበትና ጭድ ቆለሉባት። የመጣው ወታደር ሁሉ የኩበት ክምር መስሎት አለፈ። ነጋዴው ተመልሶ መኪናው መትረፏን ሲሰማ እያለቀሰ መጣ። እሳቸው በር ላይ ቆመው ምን ቢሉት ጥሩ ነው?

«ትኬትኽስ?»

«አያ እንድሪስ፣ ወላሂ ጠፍቶብኛል! አገር የጠፋበት ጊዜ አይደል እንዴ!»

«እንግዲያስ ሁለት ምስክር አምጣ። ትኬት የጠፋበት ሰው ምስክር ያመጣል።»

ጎረቤት ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ የሳቅነው ያን ዕለት ነው። አንዱ ምስክር እኔ ነበርኩ። ሰውየው ኪሱ ውስጥ ያለውን ገንዘብ ሁሉ አውጥቶ ልስጥዎ ሲል የአንድ ሰዓት ብቻ ተቀበሉት። «ያንን ወር ጊዜ ብዬ አላስከፍልም» አሉ። «የቀረውን ለጎረቤቶቼ በል፤ ጎማ ሲያቅፉ ያደሩት እነሱ ናቸው።»

የደሴው ወረፋ አንድ መኪና ቀነሰ። አራት ሰዓት አለፈ። ቢጫ ሰደርያ የለበሰች ሴት መጥታ መስኮቴን አንኳኳችና የመኪና ማቆሚያ ትኬት ሰጠችኝ። ወረፋ ላይ ነኝ እንጂ አላቆምኩም ብላት «ጎማው ቆሟል፣ ቆሟል ነው» አለችኝ። ለመጨቃጨቅ አቅም አልነበረኝም። ቻርጁን ለሚቆጣጠረው ጎልማሳ ግን ነገርኩት። «ወንድሜ፣ ለቅሶ አለብኝ። ቀብሩ ከዙሁር በኋላ ነው፤ ሐይቅ ነው፤ አሥር ደቂቃ ብቻ ብሰካ ይበቃኛል።»

ቀና ብሎም አላየኝም። «ዛሬ አንተ ሦስተኛው ለቅሶ ነህ» አለ። ከፊቴ ያሉት ሹፌሮች ሳቁ። አልተቆጣሁም። ይቺን ቃል ያረከስናት እኛው ነን፤ እኔ በተለይ።

ወደ አያ እንድሪስ ልመለስ። ከጦርነቱ በኋላ ከእንግዲህ የነዳጅ መኪና አይገባም ተባለና አገሩ ሁሉ ወደ ኤሌክትሪክ ዞረ። እኔም የመምህርነት ደመወዝ አልበቃ ሲለኝ ሳዑዲ ያለው ወንድሜ አግዞኝ አንዲት ትንሽ የቻይና መኪና ገዛሁ። ከሐይቅ ደሴ ሰው አመላልሳለሁ። ቻርጅ የሚደረግበት ቦታ ግን ከየት ይምጣ? በኋላ አንድ ባለሀብት ሐይቁ ዳር ባለው ግቢው አንድ ማሽን አስተከለ። ሁለት ገመድ አለው፤ አንደኛው ከተተከለ ጀምሮ ሠርቶ አያውቅም። ክፍያው በስልክ ነው፤ ኢንተርኔት ደግሞ ያኔ በክልላችን ወራት ሙሉ ተዘግቶ ነበር። ኔትወርክ ሲመጣ መብራት ይጠፋል፤ መብራት ሲመጣ ማሽኑ «እንደገና ይሞክሩ» ይላል። ተሞክሮ፣ ተሞክሮ፣ ተሞክሮ ሰው ከማሽን ጋር መጣላት ጀመረ። አንዱ ሹፌር በጫማ ሲመታው አይቻለሁ።

በመጨረሻ ባለቤቱ ያለ ስልክ ማሽኑን የሚያስነሳ አንድ ካርድ አመጣ። ካርዱን ለማን ይስጠው? ሁሉም ሁሉን ሲያማ፣ ሁሉም ያላማው አንድ ሰው አያ እንድሪስ ሆኑ። ፊሽካዋ ትታሰርበት በነበረው ገመድ ካርዱን አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉትና ማሽኑ አጠገብ ባለች በርጩማ ላይ ተቀመጡ። መኪና መንዳት አይችሉም፤ ማሽኑ ላይ የተጻፈውንም አያነቡም። ወረፋ ግን ያውቃሉ።

ወረፋው በድንጋይ ነበር። ስትገባ ከሐይቁ ዳር ያመጧትን ድብልብል ድንጋይ አንዷን ይሰጡሃል፤ አጥሩ ላይ ካለችው ከመጨረሻዋ ቀጥሎ ታስቀምጣለህ። አንዱ ሲሰካ ድንጋዩን ያነሳል፤ የቀሩት ይጠጋሉ። መኪናህን ጥላ ሥር ትተህ ገበያ ብትሄድ፣ ሶላት ብትሰግድ፣ ቤትህ ሄደህ ምሳ ብትበላ ድንጋይህ ቆሞ ይጠብቅልሃል። ባለቤቱ ወረፋ የሚጠብቁት የመኪና ማቆሚያ ይክፈሉ ብሎ ሲያዝ አያ እንድሪስ እምቢ አሉ።

«ወረፋ የያዘ ሰው መኪና አላቆመም። ራሱ ነው የቆመ» አሉት። «መቶ ሞልቶለት ገመዱን ታቅፎ የተኛውን ግን ላስከፍልልኽ።» አስከፈሉም። መኪናው ሞልቶ ሻይ የሚጠጣውን ሹፌር ሻይ ቤት ድረስ ሄደው፣ ምንም ሳይናገሩ፣ ብርጭቆውን ከፊቱ አንስተው ይዘውት ይመጡ ነበር። ሻዩን ለማግኘት መኪናውን ማንሳት ነው።

አንድ ሕግ ብቻ ከድንጋዩ በላይ ነበረች። ለቅሶ ያለው ይቀድማል። ይቺን ከቅሬያችን ነው ያመጧት፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ከሚቀባበርበት ማኅበር። «ለቅሶ አለብኝ» ያለ ሰው ድንጋዩ ወደ ፊት ይመጣል። ታዲያ እንዲሁ አይደለም። አያ እንድሪስ ከበርጩማቸው ይነሱና «የሟች ስም?» ይላሉ። ስሙ ሲጠራ ወረፋ ላይ ያለው ሁሉ ከመኪናው ወርዶ እጁን ዘርግቶ ዱዓ ያደርጋል፤ ክርስቲያኑ ባርኔጣውን አውልቆ ነፍስ ይማር ይላል። ከዚያ ሰውየው ይሰካል።

አንድ ቀን አንድ ሹፌር ተማረረ። «አያ እንድሪስ፣ ሰው እኮ ይዋሻል! ዝም ብለው ያስቀድማሉ።»

«አውቃለሁ» አሉት። «አንድ እውነተኛ ሐዘንተኛ ቀብር ከሚያመልጠው መቶ ውሸታም ይለፍ።»

ሹፌሩ ያለው ሐሰት አልነበረም። ከመቶዎቹ አንዱ እኔ ነኝ።

ያን ዕለት ሦስት የግሸን ተሳላሚዎች ደህና ገንዘብ ሊከፍሉኝ ቃል ገብተው ከተማ ውስጥ እየጠበቁኝ ነበር። ቶሎ ካልደረስኩ ሌላ መኪና ይይዛሉ። አጥሩ ላይ ያለችው ድንጋዬ ሰባተኛ ናት። ሌሊቱን መብራት እጠብቃለሁ ብዬ አልተኛሁም፤ ራሴን ያመኛል፤ በቃ ሰለቸኝ። ተነስቼ ሄድኩና «አያ እንድሪስ፣ ለቅሶ አለብኝ፤ አምባሰል ነው» አልኳቸው።

«ኢና ሊላሂ» አሉ። ተነሱ። «የሟች ስም?»

ለዚህ አልተዘጋጀሁም ነበር። ዝም አልኩ። ለአፍታ ነው፤ ግን ዛሬም ድረስ ትረዝምብኛለች። ከዚያ ከውጫሌ ወጣ ብላ የምትኖር የአባቴ እህት ስም አፌ ላይ መጣ። «ለይላ ይመር። አክስቴ ናት።»

አያ እንድሪስ ፊቴን አዩኝ። ድንጋዬን አንስተው መጀመሪያ ላይ አኖሯት። ሹፌሮቹ ሁሉ ወረዱ። «አላህ ይማራት፣ ቀብሯን ያስፋላት፣ ጀነት ያግባት» እያሉ ዱዓውን ሲያወርዱ እኔም እጄን ዘርግቼ በሕይወት ላለች አክስቴ «አሚን» አልኩ። ሰካሁ፣ ሄድኩ፣ ተሳላሚዎቹን አደረስኩ፣ ገንዘቡን ተቀበልኩ።

አለቀ ብዬ ነበር። በአራተኛው ቀን ጠዋት በሬ ተንኳኳ። አያ እንድሪስ ናቸው። ባጁም ሰደርያውም የለም፤ ነጭ ኮፍያ፣ የታጠበ ጋቢ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ ይዘዋል።

«ሹፌሮቹ ያዋጡት ነው» አሉ። «ቅሬ ማለት እኮ ሟች ዘንድ መድረስ ነው። አንተን እዚህ ማጽናናት አይበቃም፤ አምባሰል ያሉትን ዘመዶች እናጽናና። መኪናኽ ቻርጅ አላት?»

አላት አልኩ። የለም ማለት እንኳ አልመጣልኝም።

በመንገድ ላይ ምን እንዳወራን አላስታውስም። እሳቸው ስለ ዝናቡ፣ ስለ አምባሰል ገደል፣ በልጅነታቸው በእግር ስለሄዱበት ገበያ አወሩ መሰለኝ። እኔ በየኪሎ ሜትሩ «አያ እንድሪስ፣ አቁሜ አንድ ነገር ልንገርዎ» ማለት ፈልጌ፣ ይቺን ኩርባ ልለፍ እላለሁ። ኩርባው አልፎ ሌላ ኩርባ ይመጣል። እንዲህ እያልኩ አክስቴ ደጃፍ ደረስን።

አክስቴ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ሰፌድ ይዛ ምስር ትለቅማለች።

«ውይ፣ ልጄ መጣ!» ብላ ተነሳች። ጉልበቷን ስስም፣ ደረቷ ላይ ስትለጥፈኝ፣ በትከሻዋ በኩል አያ እንድሪስን አያለሁ። ዳቦውን እንደታቀፉ ቆመዋል።

«አንቱ ደግሞ ማን ትባላላችሁ?» አለቻቸው።

«እንድሪስ ነኝ። አንቺስ እናቴ?»

«ለይላ ይመር።»

አያ እንድሪስ ወደኔ አልዞሩም። ዳቦውን ዘረጉላትና እንዲህ አሉ፦ «መምህር ናፍቀሽው ኖሯል። ብቻውን መምጣት ከበደውና እኔን ይዞ መጣ። እንደምን አለሽ፣ ደህና ነሽ?»

ዳቦውን ቆርሰን በላን። አክስቴ መረቀችን። ተነስተን መኪናው ውስጥ ገብተን በሩን ዘጋን። ሞተሬ ድምፅ ስለሌለው ዝምታው ባሰ። ከውጫሌ ስናልፍ አንዲት ነገር ብቻ አሉኝ።

«ያ ዱዓ አልጠፋም። ለዕድሜ ይሁናት።»

አፉ በሉኝ ማለት የነበረብኝ ያኔ ነው። ኩርባ ኩርባውን እያየሁ ነዳሁ። ለሹፌሮቹ ምን እንደነገሯቸው አላውቅም፤ አንዳቸውም ጠይቀውኝ አያውቁም። በማግስቱ ግቢው ስገባ ድንጋይ እየሰጡኝ፣ እንደማንኛውም ሰው፣ «አክስትኽ ደህና ናት?» አሉኝ። «አልሀምዱሊላህ፣ ደህና ናት» አልኩ። ድንጋዬን መጨረሻ ላይ አስቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በሄድኩ ቁጥር፣ ሰላምታቸው ይቺ ነበረች። ድምፃቸው ላይ ምፀት ፈልጌ አጥቻለሁ። ከልባቸው ነው የሚጠይቁት። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

እና ደሴ ላይ ቆሜያለሁ። አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ከፊቴ አንድ መኪና ብቻ ቀረ፤ እሱም እየነቀለ ነው። አሥር ደቂቃ ብሰካ፣ ባልሮጥም እንኳ ለጀናዛው እደርሳለሁ። የመኪናዬን የቻርጅ ክዳን ከፍቼ ገመዱን ልይዝ እጄን ስዘረጋ ከወረፋው ኋላ አንድ ሹፌር ከመኪናው ወርዶ እየሮጠ መጣ።

«ለቅሶ አለብኝ!» አለ። «እባካችሁ አስቀድሙኝ!»

ወረፋው ሁሉ ጮኸ። «አንተም? ጠዋት ይሄ ሰውዬም ለቅሶ ብሎን ነበር!» አሉ ወደኔ እየጠቆሙ። ተቆጣጣሪው እጁን አወናጨፈ። «ሂድ ተራህን ጠብቅ!»

እኔ ግን ሳላስበው አፌ ተከፈተ። «የሟች ስም?» አልኩት።

ሰውየው አየኝ። ዝም አለ። ለአፍታ ነው። ያችን ዝምታ አውቃታለሁ፤ የራሴ ናት። ከዚያ «አሊ… አጎቴ አሊ» አለ።

እዚያው ቆሜ አያ እንድሪስ ገቡኝ። ዳቦ ይዘው በሬን ያንኳኩ ዕለት አይደለም ያወቁት፤ አክስቴን ደጃፏ ላይ ያገኟት ጊዜም አይደለም። ዝም ባልኩባት ቅጽበት ነው፣ ፊቴን ሲያዩኝ፣ ድንጋዬን ከማንሳታቸው በፊት። እያወቁ ነው ያስቀደሙኝ። እያወቁ ነው እጃቸውን ዘርግተው ለአክስቴ ዱዓ ያደረጉት።

ሰዓቴን አየሁ። ይህን ሰው ባሳልፈው ቀብሩ ሊያመልጠኝ ይችላል። ባላሳልፈው፣ ደግሞ ምናልባት እውነቱን ከሆነ፣ እሱ ሳይደርስ አንድ አሊ ይቀበርበታል። ደክሞኝ ነበር፤ ማሰብም ደክሞኛል። እጄን ዘረጋሁ። «አላህ ይማረው» አልኩ። ከኋላዬ አንድ ሰው ሳቀ፤ አንዲት ሴት ደግሞ ከመኪናዋ ሳትወርድ «አሚን» ስትል ሰማሁ። ገመዱን ለሰውየው ሰጠሁት።

ሃያ ደቂቃ ሰካ። ሲነቅል ምስጋናውን ሳይጨርስ በረረ። እኔ ሰካሁ፤ ስልኬን አውጥቼ ከፈልኩ፤ «ክፍያዎ አልተሳካም» አለኝ። ደግሜ ከፈልኩ፤ ተሳካ። ማሽኑ ጠቅ ሲል መብራት ሄደ።

መብራት የመጣው ዙሁር ካለፈ በኋላ ነው። ስወጣ ቢጫ ሰደርያ ያላት ሴት ያቆምኩበትን ሰዓት ቆጥራ አስከፈለችኝ። ከፈልኳት፤ ራሴ ነኝ የቆምኩት ብላት አይገባትም። ሐይቅ ስደርስ ቀብሩ ተፈጽሞ ሰዉ ተበትኗል። መቃብሩ ዘንድ ብቻዬን ቆምኩ። ሹፌሮቹ ከቻርጅ ግቢው አጥር ላይ ያመጧቸው ድብልብል ድንጋዮች እርጥቡ አፈር ላይ ተደርድረዋል። አፉ በሉኝ አልኩ። ለአፈር ሲነገር ቃል እንዴት እንደሚከብድ አያችሁ? አለቀስኩ።

ከዚያ ወደ ለቅሶው ቤት ሄድኩ። ዘሀራ ድንኳኑ አፍ ላይ አገኘችኝ።

«ለምን ዘገየህ መምህር? እስከ መጨረሻው ጠበቅንህ።»

«ለቅሶ ያለው ሰው አስቀድሜ ነው» አልኳት።

በቂ ምክንያት እንደሆነ ሁሉ ራሷን ነቀነቀች። የአባቷ ልጅ ናት። ወንበር እየሳበችልኝ «አክስትህ ደህና ናት?» አለችኝ።

ቀና ብዬ አየኋት።

«አባቴ መምህር ሲመጣ መጀመሪያ አክስቱን ጠይቁ ይለን ነበር» አለች። «ለምን እንደሆነ ግን ነግሮን አያውቅም።»

ነገርኳት። ድንጋዩን፣ ተሳላሚዎቹን፣ ዱዓውን፣ ዳቦውን፣ ኩርባውን ሁሉ፤ የደሴውንም ሰው ጨምሬ። ለአባቷ ማለት የነበረብኝን ለእሷ አልኳት። ዘሀራ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠርጋ «አፉ ብለንሃል» አለች። ደግሞ ጠየቀችኝ።

«ያ የደሴው ሰውዬስ? አጎቱ እውነት ሞቶ ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አልኳት። «ወረፋ ላይ ካገኘሁት ግን፣ አጎትህ ደህና ነው ወይ እለዋለሁ።»